አባያን ማርጋሪታ ብሎ የሰየመው ሰው

ባለፉት እትሞች ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ሙዝና ስለ ፈትል ገበያ ብዙ ጽፈናል። በዚህ እትም ከሒሳብ መዝገባችን ትንሽ ወጣ ብለን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ሰውየው ከሞተ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገራችን ሰው አይደለም፤ በአካባቢያችን ያለፈውም እንደ መንገደኛ ነበር። ይሁንና ማለዳ በራችንን ስንከፍት የምናየውን ሐይቅ በዓለም ካርታ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሌላ ስም ያስጠራው እሱ ነው።

ከደጋፊዎቻችን መካከል አካባቢያችንን በቆዩ ካርታዎች ላይ የፈለጉ ሰዎች ማርጋሪታ የሚባል ሐይቅ አግኝተው የት እንደሆነ ጠይቀውናል። ከአባሎቻችንም ብዙዎቹ ማርጋሪታ ሲባል የሚታያቸው በየሆቴሉ የሚሸጠው ፒዛ ነው። ፒዛውም ሐይቁም የተጠሩት በአንዲት ሴት ስም ነው ይባላል። ሴትየዋ የኢጣሊያ ንግሥት ነበረች። አባያን በዓይኗ አላየችውም፤ ከውሃው አልቀዳችም፤ ዓሣውን አልቀመሰችም። ታዲያ ስሟ እንዴት እዚህ ደረሰ? መልሱ ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ በተባለ የጦር መኮንን ሕይወት ውስጥ ይገኛል።

ቦቴጎ የተወለደው በሰሜን ኢጣሊያ በፓርማ ከተማ በሐምሌ 1852 ዓ.ም. ነው። አባቱ ሐኪም ነበር። እሱ ግን የወታደርነትን መንገድ መርጦ የመድፈኛ መኮንን ሆነ። ያን ጊዜ ኢጣሊያ አንድ መንግሥት ከሆነች ብዙ ዓመት አልሞላትም ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በአፍሪካ መሬት ሲሻሙ እያየች እሷም ድርሻዬን ልያዝ አለች፤ ምጽዋንም ያዘች። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል ከመቱ በኋላ ሮም ተጨማሪ ወታደር ወደ ኤርትራ ስትልክ፣ ከመጡት ወጣት መኮንኖች አንዱ ቦቴጎ ነበር።

በኤርትራ ሳለ ከወታደርነቱ ሌላ አንድ ሥራ ጀመረ። አዕዋፍን፣ አራዊትን፣ ነፍሳትን እየሰበሰበና እያደረቀ ወደ ትውልድ ከተማው ይልክ ነበር። የሰበሰበው ዛሬም በፓርማ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ይህን ሥራውን ስናይ ትጉህና ጠንቃቃ ሰው እንደነበረ እንረዳለን። ያየውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ያስቀምጣል። ለዚህ ክብር እንሰጠዋለን፤ በሒሳብ ሥራ የኖርን ሰዎች ያልተጻፈ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠፋ እናውቃለንና።

በዘመኑ የአውሮፓ ጂኦግራፊ ማኅበራት የሚከራከሩበት ጉዳይ የወንዞቻችን መነሻና መድረሻ ነበር። በሶማሊያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው ጁባ ከየት ይነሣል? ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ኦሞስ የት ይደርሳል? አንዳንዱ ኦሞ ወደ ዓባይ ይገባል ይል ነበር፤ አንዳንዱ ወደ ጁባ፣ ሌላው ደግሞ በደቡብ ወዳለው ትልቅ ሐይቅ ይሄዳል ይል ነበር። በወንዞቹ ዳር ለሚኖሩት ሰዎች ጉዳዩ እንቆቅልሽ አልነበረም። ከወንዙ የሚጠጣ ከብት ያለው ሰው ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እንቆቅልሽ የሆነው ለአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ነበር።

ቦቴጎ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞውን በ1885 ዓ.ም. መጀመሪያ ከበርበራ ወደብ ጀመረ። ማቴዎ ግሪክሶኒ የተባለ ሌላ መኮንንና ከመቶ የሚበልጡ ታጣቂዎች አብረውት ነበሩ። ጉዞው ከባድ ሆነ። ግሪክሶኒ በመንገድ ላይ ተለይቶት ወደ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ። ቦቴጎ ግን ቀጠለ፤ የጁባን የላይኛውን ተፋሰስና ገናሌን ተከትሎ መርምሮ በ1885 ዓ.ም. ማለቂያ ብራቫ በተባለችው የሶማሊያ ወደብ ወጣ። ለገናሌም የስም ተቀጥላ ሰጠው፤ ገናሌ ዶሪያ አለው። ዶሪያ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ስም ነው። እንግዲህ ስም የማውጣት ልማዱ ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ልማድ የሱ ብቻ አልነበረም። ከሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1888 የኦስትሪያ-ሀንጋሪው ካውንት ቴሌኪ በደቡብ ያሉትን ሁለት ሐይቆች አንዱን በልዑል ሩዶልፍ፣ ሌላውን በልዑሉ ሚስት በስቴፋኒ ስም ጠርቷቸው ነበር። ሩዶልፍ የተባለው ዛሬ ቱርካና የምንለው ነው፤ ስቴፋኒ የተባለው ደግሞ ጨው ባሕር ነው። የጎረቤታችን የጫሞም ስም በአንዳንድ የኢጣሊያ ካርታዎች ሩስፖሊ ተብሎ ተጽፏል። ልዑል ዩጄንዮ ሩስፖሊ በ1886 ዓ.ም. በቡርጂ አካባቢ ዝሆን የገደለው ኢጣሊያዊ ተጓዥ ነው። ልብ በሉ፤ ከአባያ እስከ ቱርካና ድረስ ያለው የውሃ ሰንሰለት በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በወረቀት ላይ የአውሮፓ ቤተ መንግሥትና መኳንንት ስም ዝርዝር ሆኖ ነበር።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ጉዞ የተጀመረው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከብራቫ ነው። ወጪውን የሸፈኑት የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበርና መንግሥት ነበሩ። ከቦቴጎ ጋር ላምቤርቶ ቫኑቴሊ፣ ካርሎ ቺቴርኒና ማውሪሲዮ ሳኪ የተባሉ ባልንጀሮቹ፣ እንዲሁም 250 ገደማ ታጣቂዎች ነበሩ። መጀመሪያ በጁባ ዳር በምትገኘው ሉግ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ። ከዚያ ወደ መሀል አገር ገሠገሡ። እንግዲህ ይህን ጉዞ የምርምር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሁለት መቶ ሃምሳ ጠመንጃ ይዞ፣ የንግድ ጣቢያ ተክሎ፣ የዝሆን ጥርስ እየሰበሰበ የሚሄድ ቡድን ዕውቀትን ብቻ አይፈልግም። በመንገዳቸው ላይ ለነበሩት ሰዎች ይህ ቡድን ምን ዓይነት እንግዳ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ያን ሁሉ አፍ የሚመግበው የገበሬው ጎተራና የአርብቶ አደሩ በረት ነበር።

ዘመኑም ክፉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፉ ቀን በተባለው ረሃብ ከብቱ በበሽታ አልቆ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ጎረቤታችን ወላይታ ከካዎ ጦና ጋር ከባድ ጦርነት አሳልፎ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ሥር ገብቶ ነበር። የጋሞ ደጋም በዚያው ዘመን ነው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለው። ስለዚህ ቦቴጎ ወደ ሐይቆቻችን ሲደርስ ያገኘው ሕዝብ ከአንዱ መከራ ሳያገግም ሌላው የመጣበት ሕዝብ ነበር። በዚያ መካከል እናቶቻችን እንሰት ይፍቁ፣ ጥጥ ይፈትሉ፣ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ስማቸውን የመዘገበ ግን የለም።

ቦቴጎ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አድዋ ላይ ድል ተመታ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከአድዋ ሁለት ወር ከምናምን በኋላ፣ ቦቴጎ በአውሮፓ ካርታ ላይ በትክክል ያልተሳለውን ትልቁን ሐይቅ አየ። በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ፓጋዴ እንደሚባል ሰማ፤ ጻፈውም። ከዚያ በላዩ ላይ ንግሥት ማርጋሪታ የሚል ስም አወጣለት።

ከታሪኩ ሁሉ እኛን ያቆመን ይህ ነው። ሐይቁ ስም እንደሌለው አስቦ ቢሰይመው አለማወቅ ነው ባልን ነበር። ነገር ግን ስም እንዳለው ያውቅ ነበር። ጠይቋል፤ ተነግሮታል፤ በማስታወሻው አስፍሯል። የነገሩት ሰዎች ቃል ለመረጃ በቃ፤ ለካርታ ግን አልበቃም።

አባያን ለማታውቁት ደጋፊዎቻችን ጥቂት እንንገራችሁ። ሙሉ በሙሉ በአገራችን ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከየተራራው የሚወርደው ወንዝ ቀይ አፈር ስለሚጭንለት ውሃው ቡናማ ነው። ጎረቤቱ ጫሞ ግን ጠራ ያለ ነው፤ አዞውም ጉማሬውም በዚያ በብዛት ይታያል። ሁለቱን የሚለየው የመሬት ወገብ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከድልድዩ ሥር ካለው ጫካ ከተማችን ስሟን ያገኘችባቸው አርባ ምንጮች ይፈልቃሉ። በአባያ ዙሪያ ጋሞው፣ ወላይታው፣ ሲዳማው፣ ጉጂው ይኖራል። በደሴቱ ላይ ደግሞ ጊዲቾዎች አሉ፤ በታንኳ ቀዝፈው ገበያ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ወገን ሐይቁን በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል። አንድ ውሃ ብዙ ስም ይኑረው እንጂ ስም አጥቶ አያውቅም።

ቦቴጎ ከሐይቆቻችን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ኦሞን ተከተለ። በነሐሴ 1888 ዓ.ም. ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ። የጂኦግራፊ ማኅበራቱ ክርክር እዚህ ላይ አበቃ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ መካድ አይገባንም። ወንዙን በመሣሪያ ለክቶ፣ በወረቀት ስሎ ማቅረቡ ለጂኦግራፊ ትምህርት ጠቅሟል። ኋላም የኢጣሊያ ካርታዎች ወንዙን ኦሞ ቦቴጎ ብለው መጥራት ጀመሩ። ለሌሎች ስም ሲያድል የነበረው ሰው እሱም ስሙ በወንዝ ላይ ተለጠፈለት።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ተከፈለ። ሳኪ የተሰበሰበውን የዝሆን ጥርስና የምርምር ዕቃ ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በ1889 ዓ.ም. እዚሁ በአባያ አካባቢ ተገደለ። ቦቴጎ ከቫኑቴሊና ከቺቴርኒ ጋር ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በባሮ በኩል ወደ ወለጋ ደጋ ወጣ። መጋቢት 9 ቀን 1889 ዓ.ም. ጊዳሚ አጠገብ ዳጋ ሮባ በተባለ ኮረብታ ላይ የቄለሙ ገዥ የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ሰዎች ከበቡት። እጅ አልሰጥም ብሎ ተዋጋ፤ በጥይት ተመትቶም ሞተ። 36 ዓመቱ ነበር። ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ ተለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከሁሉ የሚገርመው የቀኑ ነገር ነው። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የሰላም ውል የተፈራረሙት ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነበር። ቦቴጎ ሲሞት ውሉ ከተፈረመ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሰውየው የሞተው ባለቀ ጦርነት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ቫኑቴሊና ቺቴርኒ እ.ኤ.አ. በ1899 የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱም ኦሞ የሚል ነበር። መጽሐፉና ካርታው በአውሮፓ ተሠራጨ። ማርጋሪታ የሚለው ስምም ከኢጣሊያ ካርታ ወደ እንግሊዙ፣ ከእንግሊዙ ወደ ሌላው እየተቀዳ ሄደ። እኛ በሙያችን ይህን ነገር እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈ ቁጥር ወደሚቀጥለው ገጽ ይዞራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ማንም ወደ ደረሰኙ ተመልሶ ካላየ ቁጥሩ እውነት መስሎ ይኖራል። ደረሰኙ የት ነበር? በሐይቁ ዳር በሚኖሩት ሰዎች አፍ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1907 ፓርማ ለልጇ ሐውልት አቆመችለት። ቀራፂው ኤቶሬ ሺሜኔስ ነው። ሐውልቱ ዛሬም ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሟል፤ በከተማዋ በስሙ የሚጠራ ጎዳናም አለ። ቦቴጎ ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከእግሩ በታች ሁለት አፍሪካውያን አሉ። እነዚህ ሁለቱ ጁባንና ኦሞን እንዲወክሉ የተቀረጹ ናቸው። ፓርማ በባቡር የሚደርስ መንገደኛ ከጣቢያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ወንዞቻችን በሰው አምሳል ከአንድ ካፒቴን እግር ሥር ሆነው ያያቸዋል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የቦቴጎ ስም ውሏል። ነገር ግን አብረውት የሄዱት በመቶ የሚቆጠሩ አስካሪዎችና ጭነት ተሸካሚዎች የት አሉ? መንገድ ያሳዩት፣ ስንቅ የሰጡት ወይም የተነጠቁት፣ ሐይቁ ፓጋዴ ይባላል ብለው የነገሩት ሰዎች የት አሉ? እንደ ሒሳብ ሰው ብንጠይቅ፣ በዚህ ጉዞ መዝገብ ውስጥ አንድ ስም ብቻ በትልቁ ተጽፎ ሌላው ሁሉ ልዩ ልዩ ወጪ በሚል መደብ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል። ልዩ ልዩ የሚለው መደብ ሲበዛ ኦዲተር ይጠራጠራል። እኛም ብንጠራጠር አይፈረድብንም።

ስለ ንግሥት ማርጋሪታም አንድ ነገር እንበል፤ ሴት ናትና አንለፋት። እ.ኤ.አ. በ1851 ተወለደች፤ በ1868 የአጎቷን ልጅ ኡምቤርቶን አገባች፤ በ1878 ንግሥት ሆነች። ባሏ በ1900 በሰው እጅ ተገደለ፤ እሷ እስከ 1926 ኖረች። ስሟ በሐይቃችን ላይ እንዲጻፍ ሄዳ አልለመነችም። ለመኮንኑ ግን የንግሥቲቱ ስም ስጦታ ነበር፤ ያላየችውን ውሃ የሷ ካልነበረ አገር አንሥቶ አበረከተላት። የራሱ ያልሆነውን የሰጠ ሰው ለጋስ አይባልም። በማኅበራችን ደንብም ቢሆን የማኅበሩን ገንዘብ በራሱ ስም ስጦታ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ይጠየቃል።

እነዚያ ስሞች ከጊዜ ጋር ለቀዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሩዶልፍን ቱርካና አለችው። ስቴፋኒ ጨው ባሕር ተባለ። ሩስፖሊ ተረስቶ ጫሞ ጫሞ ሆኖ ቀረ። ማርጋሪታም በአገራችን ካርታ አባያ ሆነ። ይሁን እንጂ የስም ጉዳይ በዚህ አላለቀም። አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመጣለን።

አባሎቻችን እንደምታውቁት፣ ማኅበራችን በሐይቁ መንገድ ዳር ላለው የምሳና የዕደ ጥበብ መሸጫችን ሰሌዳ ለማሠራት ተነጋግሯል። መንገደኛው ቆሞ ሐይቁን ሲያይ ምን እንደሚያይ የሚነግር ሰሌዳ እንዲሆን ተፈልጓል። ምን እንጻፍበት በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። ገሚሶቻችን የቦቴጎና የማርጋሪታ ስም በሰሌዳችን ላይ ፈጽሞ አይጻፍ አልን፤ በገንዘባችን የሰው ሐውልት አንተክልም በማለት። ገሚሶቻችን ደግሞ ጎብኚው በቆየ መጽሐፍ ያነበበውን ስም ካላገኘ ግራ ይጋባል አልን። ከደሴቱና ከማዶ ያሉት እህቶቻችንም ሐይቁ በኛ ቋንቋ የሚጠራበት ስም ለምን ይቀራል ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌላው ስማችንን ሰረዘብን የምንል ሰዎች የጎረቤታችንን ስም ብንሰርዝ ከቦቴጎ በምን እንሻላለን?

በዚህ ላይ የሒሳብ ሥራ የሚያስተምረው አንድ ደንብ አለ። መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር ሲገኝ በላጲስ አይጠፋም፤ በቀለምም አይደፈንም። በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ይፈርምበታል፤ ቀኑም ይሰፍራል። ያልነበረውም የነበረውም እንዲነበብ ነው። አጥፍቶ የሚጽፍ መዝገብ ያዥ ቅን ቢሆን እንኳ አይታመንም። የኛ ሐሳብ ሰሌዳውም እንዲሁ ይሁን የሚል ነው። በትልቁ አባያ ተብሎ ይጻፍ። ከሥሩ በዙሪያው ያሉት ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም በየቋንቋው ይስፈር። ከዚያ በታች በትንሹ፣ በ1888 ዓ.ም. አንድ ኢጣሊያዊ ካፒቴን ማርጋሪታ ብሎት እንደነበር ይገለጽ። ጎብኚው የሚያውቀውን ስም ያገኛል፤ ማን እንዳመጣውም ያውቃል፤ ከሱ በፊት ስም እንደነበረም ይረዳል። አንድም ሰው አይዋሽም።

አንዳንዶቻችሁ ለአንድ ሰሌዳ ይህን ያህል ለምን ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ሐይቁ ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሌለው መንደር የለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠብ የሚያበርዱበት፣ ሕግ የሚያወጡበት፣ ጥፋተኛውን የሚያስታርቁበት ሜዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች ሲመልሱ አገር ሁሉ አይቷል። ያ ጥበብ የተወለደው በዱቡሻ ነው። ነገር ግን ዱቡሻ ላይ ድንጋይ ተቀርጾ አልተተከለም፤ የማያውቅ ሰው ሲያልፍ ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ባዶ የመሰለ ሜዳ ደግሞ አንድ ቀን ለሌላ ነገር ይታጠራል። ጎረቤታችን ኮንሶ የእርከን እርሻውና የድንጋይ ካቡ በደንብ ተጠንቶ ስለተጻፈ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተጻፈው ተጠበቀ።

የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ማለት ሕንፃና ሐውልት ብቻ እንዳልሆነ ይገልጻል። በእጅ የማይዳሰሰው ወግ፣ ሥነ ቃልና የእጅ ጥበብ ዕውቀትም ቅርስ ነው። ስለዚህ አያታችሁ የምታውቀው የምንጭ ስም፣ የዶርዜ ሸማኔ የጥለት ስም፣ ታንኳ የሚቆምበት ዳርቻ ስም፣ ይህ ሁሉ በሕግ ፊት ዋጋ ያለው ንብረት ነው። ንብረት ከሆነ ደግሞ በንብረት መዝገብ መግባት አለበት። ወንበርና ጠረጴዛ ቆጥረን የምንመዘግብ ማኅበር የእናቶቻችንን ዕውቀት ሳንቆጥር ብንቀር ሒሳባችን ጎደሎ ነው።

ይህን ዕውቀት በብዛት የያዙት ሴቶች መሆናቸውንም አንርሳ። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ የምንጭ ስም ያውቃሉ። የእንሰት ዝርያን በየስሙ ለይተው የሚያውቁት፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ቦቴጎ ባለፈበት ዘመን እነዚህ ሴቶች ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ዛሬ ጠያቂዎቹ እኛ መሆን እንችላለን። ደብተርም አለን፤ መጻፍም እንችላለን፤ ቋንቋውም የኛ ነው። እሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ የጻፈውን እኛ ዕድሜ ልካችንን ኖረንበት ካልጻፍነው ማንን እንወቅሳለን?

በመሆኑም ለአባላት የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በሚቀጥለው የቁጠባ ስብሰባ ላይ እያንዳንዳችሁ ከእናታችሁ፣ ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤት እማማ የሰማችሁትን ሦስት የቦታ ስም ይዛችሁ ኑ። ምንጭ ይሁን፣ ኮረብታ፣ ዛፍ፣ ዱቡሻ ወይም የሐይቅ ዳርቻ፣ የፈለጋችሁት ይሁን። ስሙን፣ ትርጉሙን፣ የነገረቻችሁን ሴት ስምና የሰማችሁበትን ቀን አስመዝግቡ፤ ፈቃዷን ጠይቃችሁ። የምትነግራችሁ ሴት ስም የግድ ይጻፍ። ፓጋዴ ያለው ሰው ስሙ እንደቀረ የኛዎቹ እንዳይቀሩ ነው። ለዚህ የሚሆን መዝገብ ከቁጠባው መዝገብ ተለይቶ ተዘጋጅቷል፤ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፤ የሚቀደድ ገጽም የለም። ሲሞላ አንዱን ቅጂ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንሰጣለን፤ ዋናው በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ መልእክት አለን። በቆየ ካርታ ላይ ማርጋሪታ የሚል ካገኛችሁ ያ እኛ ያለንበት ነው፤ አባያ ነው። ስትመጡ ሐይቁን ከኮረብታው ላይ እናሳያችኋለን፤ ቡናማውን አባያንና ጠራ ያለውን ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜርን ድልድይ። ካርታችሁን አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ። በላዩ ላይ አንድ መስመር እናሰምርበታለን፤ ትክክለኛውን ስም ከላዩ እንጽፋለን፤ ቀኑን አስገብተንም እንፈርምበታለን።